ከአራት ኪሎ ሳትርቁ፦ በካባ ድንጋይና በፍርስራሽ ላይ የማስተርስ ጥናት እንዴት ይሠራል?

የማዕድን ወይም የሥነ ምድር ተማሪ «ርዕስ ምረጥ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ወርቅ ነው። የለገደንቢ ወርቅ፤ ካልሆነም የቀንጢቻ ታንታለም ወይም የዳሎል ፖታሽ። ደስ የሚሉ ርዕሶች ናቸው። ግን የመስክ አበሉ እዚያ አያደርስም፤ ኩባንያው ፈቃድ እስኪሰጥ ሴሚስተሩ ያልቃል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ይህ መመሪያ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ወይም ልደታ ለሚማርና ስለ ዘላቂ የማዕድን ሥራ በታክሲ ሒሳብ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ የማዕድን ጥያቄ ጠጠር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዓለም በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር ትጠቀማለች። ከተማችን ቀን ከሌት ትገነባለች። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ እየተጫነ የወጣውን ፍርስራሽም ያላየ የለም። በአንድ አቅጣጫ ድንጋይ ከካባ፣ ማለትም ከድንጋይ ማውጫ፣ ተፈልጦ ይገባል፣ በሌላ አቅጣጫ ድንጋይ ተጭኖ ሊደፋ ይወጣል። ጥናታችሁ እዚህ መሃል ነው ያለው።

«ዘላቂ» የሚለው ቃል ለርዕስ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው ካለ ለገደንቢን ያስታውስ። የወርቅ ማዕድን ማውጫው ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. የታገደው ወርቅ ስላለቀ አልነበረም፤ የአካባቢው ሕዝብ በብክለትና በጤና ጉዳት ተማሮ አደባባይ ስለወጣ ነው።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

«የኢትዮጵያ የማዕድን ዘርፍ ዘላቂነት፦ ችግሮችና መፍትሔዎች» የሚል ርዕስ ካላችሁ አሁኑኑ ቅደዱት። ይህ የሚኒስትር ንግግር ርዕስ ነው። የማስተርስ ጥያቄ የሚለካ ነገር፣ የሚታወቅ ቦታና ማነጻጸሪያ ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከፈረሰ የኮንክሪት ሕንፃ የተገኘ ጠጠር ሲ-25 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት ውስጥ የካባ ጠጠርን እስከ ስንት በመቶ ሊተካ ይችላል? ስንተካው ካርቦኑ በእርግጥ ይቀንሳል ወይ?»

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ ነው የማሳየው። ሌሎችም አሉ። ክሬሸሮች አጠገብ የሚከመረው ዜሮ ዜሮ፣ ማለትም ደቃቁ የድንጋይ ብናኝ፣ የወንዝ አሸዋን ምን ያህል ይተካል? ከእምነበረድ መቁረጫ የሚወጣው ነጭ ጭቃ ከሲሚንቶ ጋር ቢደባለቅስ? በክረምት ውኃ የሚሞሉት የተተዉ ካባዎች ምን ይደረጉ? አቃቂ አካባቢ ደግሞ ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ የሚገኘው ስኮሪያና ባዛልት ከሚባሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ ያው ድንጋይ ለግንባታ ይቆፈራል። ይህ የመጨረሻው ለሃይድሮጂኦሎጂ ተማሪ የተከፈተ በር ነው። ከነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ።

2. አንብቡ፣ ግን ከኋላ ጀምራችሁ

ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ቴሲሶች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ በነፃ ይገኛሉ። አሥር ያህል አውርዱና መጀመሪያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ክፈቱ። «ወደፊት ቢጠና» ተብሎ የተጻፈውን ዞሮ የሚያየው ሰው የለም። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ለፍቶ ያገኘው ክፍተት ተቀምጦላችኋል። ኢንተርኔት ካስቸገራችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው።

ሕጉንም ያዙ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ለመነሻ ይበቃሉ፤ በኋላ የወጡ ማሻሻያዎችን አብራችሁ ፈልጉ። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ እሱም አራት ኪሎ ነው። ከ678 ውስጥ ለእናንተ የሚያስፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የአገር ውስጥ ባለሀብት የሚሠራበትን የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልል እንጂ የፌዴራሉ ሚኒስቴር አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሚኒስቴር ደጃፍ የሚመላለሱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

3. ሁለት አማካሪ ያዙ

ይህ ጥናት የአንድ ትምህርት ክፍል ልጅ አይደለም። ድንጋዩን የሚያውቁት አራት ኪሎ፣ የሥነ ምድር ትምህርት ቤት ናቸው። ኮንክሪቱን የሚያውቁት አምስት ኪሎ፣ በቀድሞው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያሉት የሲቪል ምሕንድስና ሰዎች ናቸው። አፈራረሱንና አሠራሩን ደግሞ ልደታ፣ በቀድሞው የሕንፃ ግንባታ ኢንስቲትዩት ግቢ ያሉት። ከአራት ኪሎ አምስት ኪሎ በእግር ይኬዳል። ትንሽ ዳገት አለው እንጂ።

ዋና አማካሪያችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ ይሁን። ሁለተኛውን ከዳገቱ ማዶ ፈልጉ። ስትሄዱ ሃያ ገጽ ፕሮፖዛል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ማንም አያነበውም። አንድ ገጽ አሳትሙ፦ ጥያቄው፣ ናሙናው ከየት እንደሚመጣ፣ የሚሠሩት ሙከራዎች፣ የጊዜ ሰሌዳ። በቴሌግራም ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። በአካል ሂዱ፣ በር አንኳኩ፣ «ዶክተር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» በሉ።

ጨዋታው ሲሞቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የሎስ አንጀለስ ማሽኑ ይሠራል?» ይህ የጠጠርን ጥንካሬ የሚለካው ከበሮ ነው። ላብ ውስጥ መኖሩና መሥራቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማይሠራ ከሆነ ሌላ ላብ ውስጥ ተራ መያዝ ያለባችሁ ዛሬ ነው።

4. የትብብር ደብዳቤ

ጥናቱን ከሳይንሱ በላይ የሚያጓትተው ዩኒቨርሲቲው ለመሥሪያ ቤቶች የሚጽፍላችሁ ይህ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ አትቀበሉ። ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው፤ መዝገብ ቤቷ ያለችው ሴትዮ በትህትና ትመልሳችኋለች። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለየብቻው ይጻፍ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ካባዎች አብዛኞቹ ኦሮሚያ ክልል፣ በተለይም ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የካባው ደብዳቤ ወደዚያ ይሄዳል። የፍርስራሹ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና ማፍረሱን ወደሚሠራው ተቋራጭ።

ደብዳቤው ላይ የጥናቱ ርዕስ፣ የምትፈልጉት ነገር በዝርዝርና የመታወቂያ ቁጥራችሁ ይኑር። «መረጃ እንዲሰጣቸው» ብቻ ከሆነ ናሙና ስትጠይቁ «ደብዳቤህ ላይ የለም» ትባላላችሁ። ስለዚህ «ናሙና እንዲወስዱ፣ ፎቶ እንዲያነሱና ሠራተኞችን እንዲያነጋግሩ» ተብሎ ይጻፍ። ቁጥር፣ ቀን፣ ክብ ማኅተምና ቲተር መሟላታቸውን ከቢሮው ሳትወጡ እዩ። አንዱ ከጎደለ ተመልሳችሁ መምጣታችሁ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ስትደርሱ ዋናውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ኮፒው ላይ የገቢ ቁጥሩን አስጽፉ። ከዚያ በኋላ «መልስ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ገና ነው» ነው የሚሆነው። «ወደ ማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተመራለትን ባለሙያ ስም ካወቃችሁ ጉዳዩ ግማሹ አልቋል። ካባው ላይ ደግሞ ደብዳቤውን መጀመሪያ የሚያየው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። «እንደምን ዋሉ አባባ» ብሎ ቆም ማለት ከማኅተሙ የማይተናነስ ኃይል አለው።

5. ደብዳቤው እስኪመለስ በሳተላይት ሥሩ

ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የሴንቲኔል-2 ምስል በነፃ ይገኛል፣ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ካባው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሰፋ ከቤታችሁ ሆናችሁ ትለካላችሁ። ሁልጊዜ የአንድ ወር ምስል ተጠቀሙ፤ ጥር ወይም የካቲት ጥሩ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። የክረምት ምስል ደመና ብቻ ነው። አንድ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር ማለት 100 ፒክስል። ስለዚህ ከግማሽ ሄክታር በታች የሆነ ካባ ላይ የምታወጡት ቁጥር እምነት አይጣልበትም። ያንን በእግር ዙሩት።

6. ናሙና አወሳሰድ

በፍርስራሹ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፍርስራሽ» ሁሉ ኮንክሪት አይደለም። ከድሮ ሰፈሮቻችን የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ እንጨት፣ ጭቃ፣ ጭድ፣ ቆርቆሮ። ከነሱ ጠጠር አይወጣም። የድንጋይ ግንብ ከነበረ ደግሞ መፍጨት ሞኝነት ነው፤ ድንጋዩ ተጠርቦ የተዘጋጀ ነው፣ እንዳለ ሌላ ግንብ ይሠራል። ለዚህ ጥናት የሚሆነው የብረት ኮንክሪት ያለው ሕንፃ ነው፦ ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታ።

ከክምሩ ውስጥ ብሎኬቱን ለዩ። የኛ ብሎኬት ብዙ ጊዜ በፑሚስና በስኮሪያ ስለሚሠራ ቀላልና ውኃ ጠጪ ነው፤ ከኮንክሪቱ ጋር ከተቀላቀለ ውጤታችሁን ያበላሻል። ጂፕሰምን ደግሞ ጨርሶ አስወግዱ። ውስጡ ያለው ሰልፌት በኋላ ኮንክሪቱን ከውስጥ ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጂፕሰሙን በጥፍር ስትጭሩት ይላጋል፣ ኮንክሪቱ አይላጋም።

አሁን ካባው ጋ። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ነው። የእንጦጦው ግን በአብዛኛው ትራካይትና ራዮላይት ነው፤ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጠባዩም ሌላ። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «ድንጋይ» ብላችሁ አትለፉ፣ ዓይነቱን ጻፉ። አቧራውም ይለያል፦ ባዛልት ውስጥ ነፃ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል፣ ራዮላይት ውስጥ ግን አለ። ሳንባ የሚጎዳው እሱ ነው።

ዜሮ ሁለት በሚባለው የኮንክሪት ጠጠር ክምር ፊት ቆማችሁ ልብ ብላችሁ እዩት። ትልልቁ ተንከባሎ ከሥር ተሰብስቧል፣ ደቃቁ ከላይና ከመሃል ቀርቷል። እጃችሁ የደረሰበትን ብቻ ብትዘግኑ ክምሩን አልወከላችሁም። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ውሰዱ፤ በየቦታው ፊቱን በአካፋ ገፋ አድርጋችሁ ከውስጥ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም የሚባለው የአሜሪካ የሙከራ ደረጃ ለ19 ሚሊ ሜትር ጠጠር ቢያንስ 25 ኪሎ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 50 ኪሎ ይጠይቃል። ይህ ለጥንካሬና ለውኃ ሙከራው ብቻ ነው፤ የኮንክሪቱን በኋላ እናሰላለን። በማዳበሪያ ከረጢት ነው የምትይዙት፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

መቀነስ ሲያስፈልግ ሸራ ላይ ክምር አድርጉት፣ ጠፍጠፍ አድርጉና እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ቁረጡት። ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ያዙ፣ ሁለቱን አስወግዱ። እንደገና ቀላቅሉ፣ እንደገና ቁረጡ። መለያውን በሁለት ወረቀት ጻፉ፦ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የውጪው ሲኖትራክ ላይ ተፍቆ ይጠፋል።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ። ሄልሜት፣ ብረት ያለው ጫማ፣ ኤን-95 ማስክ። የፍንዳታውን ሰዓት ፎርማኑን ሳትጠይቁ አትግቡ። ከተቆረጠው ገደል ሥር ቆሞ ፎቶ መነሳት የለም።

7. ላብ

የሎስ አንጀለስ ሙከራ ቀላል ነው። 5,000 ግራም ጠጠር ከብረት ኳሶች ጋር ከበሮው ውስጥ ይገባል፣ በደቂቃ ከ30 እስከ 33 ዙር እያለ 500 ዙር ይዞራል። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ጫጫታው ሌላ ነው፣ ጆሯችሁን ሸፍኑ። ከዚያ በ1.7 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ላዩ ላይ የቀረው ለምሳሌ 4,100 ግራም ከሆነ የተፈጨው 900 ነው፤ 18 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድንጋዩ ጠንካራ ነው። ለኮንክሪት ጠጠር የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ጣሪያ 50 በመቶ ነው።

ትልቁን ልዩነት የምታዩት ግን ውኃ መምጠጥ ላይ ነው። ጠጠሩን 24 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ላዩን በጨርቅ አድርቁና መዝኑ። ከዚያ 110 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። እርጥቡ 2,050፣ ደረቁ 2,000 ግራም ከሆነ 50 ለ2,000፣ 2.5 በመቶ ነው። የፍርስራሹ ጠጠር አሮጌ ሲሚንቶ ስለተጣበቀበት ከዚህ በላይ ይጠጣል። ይህን ሳታውቁ ኮንክሪት ከቀላቀላችሁ ጠጠሩ የሲሚንቶውን ውኃ ይሰርቅና ድብልቁ ይደርቅባችኋል። ስለዚህ ቀድማችሁ አርጥቡት። መብራት ጠፍቶ ምድጃው ከቆመ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል እስኪሆን አድርቁ።

ኮንክሪቱ ላይ አራት ድብልቅ ይበቃል፦ የካባው ጠጠር 0፣ 25፣ 50 እና 100 በመቶ በፍርስራሹ የተተካበት። ለእያንዳንዱ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሦስት ሦስት የኮንክሪት ኪዩብ ጥንካሬው እንዲለካ ይሰበራል፣ በድምሩ 24 ኪዩብ። የ15 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሁሉም ወደ 195 ኪሎ። ለብክነትና ለስለምፕ፣ ማለትም ለድብልቁ ልስላሴ ሙከራ፣ ጨምራችሁ 230 አስቡ። ከዚህ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጠጠር ነው፤ የካባውንም የፍርስራሹንም ከረጢት ስትቆጥሩ ይህን ያዙ።

የመሙያ ቀኑ ላይ ጥንቃቄ አለ። ሰኞ የሞላችሁት 7ኛውም 28ኛውም ቀን ሰኞ ላይ ይውላል። ቅዳሜ ከሞላችሁ ግን የሚሰብርላችሁ የላብ ቴክኒሺያን በመፈለግ ትውላላችሁ። ካላንደሩን ክፈቱና 28ኛው ቀን ገና፣ ጥምቀት ወይም ስቅለት ላይ እንዳይወድቅ እዩ።

8. ካርቦኑን በሁለቱም በኩል ቁጠሩ

ጥናታችሁን የማዕድን ምሕንድስና የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙዎች ግን በአንድ አንቀጽ ይዘሉታል።

ከመጽሐፍ ቁጥር አትቅዱ። የሲኖትራክ ሹፌሩን «ጋሼ፣ አንድ ቢያጆ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከማንም የተሻለ ያውቃል። 30 ሊትር አለ እንበል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ስለዚህ 81 ኪሎ። መኪናው 16 ኩብ ከጫነ ለአንድ ኩብ ጠጠር 5 ኪሎ ገደማ ነው። ፍርስራሹ እዚያው ከተማ ውስጥ ቢፈጭ ከማጓጓዙ የምታድኑት ቢበዛ ይህን ነው፤ የመፍጫው ናፍጣ ከዚህ ይቀነሳል። በሌላ በኩል ፍርስራሹን ወደ መድፊያ መውሰድ ይቀራል፣ ያ ይደመራል።

አሁን ሌላኛውን ጎን እዩ። የፍርስራሹ ጠጠር ጥንካሬውን ስለሚቀንስ ለማካካስ በአንድ ኩብ ኮንክሪት 20 ኪሎ ሲሚንቶ ጨመራችሁ እንበል። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ 0.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ይዞ ይመጣል ብላችሁ ብታሰሉ 16 ኪሎ ነው። በናፍጣ ያዳናችሁት በሲሚንቶ ተበላ፣ ትርፍም ወጣበት።

ይህ ማለት ፍርስራሽ መጠቀም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የካርቦን ክርክር ብቻውን እንደማያዋጣና የት ላይ መቆም እንዳለበት ያሳያል። ሲሚንቶ ሳይጨመር እስከ 25 በመቶ ድረስ ብቻ መተካት የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። ወይም ፍርስራሹ ለኮንክሪት ሳይሆን ለመንገድ ሥር መሙያ፣ በገረጋንቲ ምትክ ይሻል ይሆናል። ለካባ ያልተቆፈረው መሬት፣ ያልተነሳው አቧራ፣ ያልተሰማው ፍንዳታም አለ፤ እነሱን በኪሎ ካርቦን አትለኩም፣ በሄክታርና ከሠራተኞችና ከነዋሪዎች ጋር ባደረጋችሁት ቃለ መጠይቅ ለብቻ አስቀምጧቸው። ውጤታችሁ «አያዋጣም» ቢሆን አትደንግጡ፣ ቁጥሮቹንም አታሽሞንሙኗቸው። ዲፌንስ ላይ የሚያስጨንቀው ፈታኝ የሚጠይቀው «ሲሚንቶውን ቆጠርሽው ወይ?» ነው፤ የቆጠረች ተማሪ ትመልሳለች።

9. ከዲፌንስ በፊት

ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፉ፣ ለካባው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉምላችሁ ጓደኛ ፈልጉ። አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ፎቶ፣ የተገኘው ውጤትና የማይመከረው ነገር። ደብዳቤ ለመራላችሁ ባለሙያ፣ ለፎርማኑና ለተቋራጩ በእጅ ስጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያችኑ በር ነው የሚያንኳኳው። ቴሲሱ ማከማቻው ላይ ሲጫን ደግሞ የሙከራውን ጥሬ ቁጥር ሁሉ፣ ኪዩብ በኪዩብ፣ አባሪ አድርጉ።